«አንድነት የየዋሆች ዜማ ነው» ላልከው ወንድሜ፣ ከደሴ የተላከ መልስ

ጽሑፍህን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ጠዋት ቡና ቤት ቁጭ ብዬ ጀመርኩት፣ ተናደድኩና ግማሽ ላይ ዘጋሁት። ማታ ደግሞ እንደለመደብን መብራት ሄዶ ስለነበር የስልኬ ባትሪ ቀይ እስኪያሳይ ድረስ ረጋ ብዬ ከላይ እስከታች ወረድኩበት። በሁለተኛው ንባብ ግማሹን ተቀበልኩልህ። ሌላው ግማሽ ግን ልክ አይደለም፣ ልክ ያልሆነበትን ምክንያት ደግሞ ተወልጄ ባደኩበት ሰፈር በየወሩ ስለማየው ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ላላነበበው ሰው ባጭሩ፣ ጸሐፊው የሚለው እንዲህ በተከፋፈለ ፖለቲካ ውስጥ «አንድ እንሁን» ብሎ መጥራት የዋህነት ነው፣ ሲከፋም ማታለያ ነው ነው። አምስት ነጥብ አለው። አንደኛ፣ ፖለቲካ የጥቅም ጉዳይ ስለሆነ ማንም ዘፈን ሰምቶ ጥቅሙን አይለቅም። ሁለተኛ፣ በዚህ አገር ታሪክ አንድነት የሚባለው ሁሌም ጉልበተኛ ሌላውን የሚጠቀልልበት ጨርቅ ነበር። ሦስተኛ፣ የወሎ መቻቻል እየተባለ የሚጠቀሰው የፖስት ካርድ ተረት ነው። አራተኛ፣ ካላመናችሁ አገራዊ ምክክሩን እዩት። አምስተኛ፣ መጀመሪያ ፍትሕ ከዛ አንድነት። እኔ በተራ አልሄድም፣ አንዳንዱ ላይ የምለው ብዙ ነው አንዳንዱ ላይ ደግሞ እጄን ሰጥቼ አልፋለሁ።

ከሦስተኛው ልጀምር ምክንያቱም ያቃጠለኝ እሱ ነው። እሽ፣ ፖስት ካርዱ አለ፣ አልክድም። እኔም ቲቪ ላይ «የፍቅር አገር ወሎ» ሲባል ጆሮዬን ይበላኛል፣ በተለይ ካሜራ ይዞ የመጣው ሰውዬ አንድ ቄስና አንድ ሼህ ፈልጎ ጎን ለጎን አስቀምጦ «እስቲ እጅ ለእጅ ተያያዙልን» ሲል። ሁለቱም እኮ ያፍራሉ። ግን አንተም ካሜራማኑም የተሳሳታችሁት አንድ ቦታ ነው፣ ሁለታችሁም እኛን የያዘን ፍቅር መስሏችኋል፣ እሱ አለ ይላል አንተ የለም ትላለህ። እኛን የያዘን ቅሬ ነው።

እናንተ እድር የምትሉትን እኛ ወሎ ውስጥ ቅሬ እንለዋለን። በኛ ሰፈር (የሰፈሩን ስም አልጠራም፣ ሰዎቹ እንዲህ ያለ ነገር ላይ መነሳት አይወዱም) ቅሬው የሙስሊምና የክርስቲያን ተብሎ አልተከፈለም። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ተካይ ተራ አለው፣ ጉድጓድ ቆፋሪ ተራ አለው፣ ሴቶቹ እንጀራና ውሃ በተራ ያመጣሉ። ሥጋው ለየብቻ ነው፣ የሙስሊሙን ሙስሊም ያርዳል የክርስቲያኑን ክርስቲያን፣ እዚ ላይ ማንም ማንንም «አንተም ብላ» ብሎ አያስጨንቅም። ድስቱ ሁለት ድንኳኑ አንድ። ያልመጣ ይቀጣል። ደጋግሞ የቀረ ከቅሬ ይወጣል፣ ከቅሬ የወጣ ሰው ደግሞ ደሴን የሚያክል ከተማ ውስጥ እየኖረ ሬሳው ብቻውን እንደሚቀር ያውቃል፣ ከዚህ የባሰ ቅጣት እኔ አላውቅም፣ እስር ቤት ይሻላል።

አንድ ነገር ልንገርህ። አባቴና ከጀርባችን ያሉት ጎረቤታችን በአንድ የአጥር ነገር ስድስት ዓመት አልተነጋገሩም። ሰላምታ የለም፣ በበዓል እንኳን አደረሰህ የለም፣ መንገድ ላይ ከተገናኙ አንዱ ይሻገራል። የጎረቤታችን እናት ያረፉ ቀን የመቆፈር ተራው የአባቴ ነበር። ሄደ ቆፈረ። ሲመለስ እናቴ «ታረቃችሁ?» ብትለው «ምን እንታረቃለን፣ ተራዬ ነበር» አላት። የፈለግከውን በለኝ ወንድሜ፣ እኔ አንድነት የምለው ይሄን ነው። ማንም ማንንም አልወደደም። ግዴታው ግን ከጸቡ በላይ ነበር።

አጣዬንና ከሚሴን አንስተህብኛል፣ የ2013ቱን። አጣዬ በአስተዳደር ሰሜን ሸዋ ነው ወሎ አይደለም ብዬ ማምለጥ እችል ነበር፣ አላመልጥም፣ ሰዉ አንድ ገበያ ነው የሚገበያየው መንገዱም አንድ ነው። እዛ ከተማ ተቃጠለ፣ ሰው አለቀ፣ ሲገበያይ የኖረው ሰው ተፈራራ። ይሄ እውነት ነው፣ «ወሎ ተቻችሎ ይኖራል» ብሎ ለሚዘፍን ሰው ሁሉ መልስ የሌለው ጥያቄ ነው። ግን በዛው ዓመት ክረምት ጦርነቱ ከቆቦ፣ ከወልድያ፣ ከመርሳ ሰዉን ነቅሎ ደሴ ሲያመጣው ትምህርት ቤቱ ሁሉ በተፈናቃይ ሲሞላ ፍራሽና ምጣድ ከየቤቱ የሰበሰበው ማን ነበር? ቅሬው ነው። ዕቃው ስለነበረው፣ መዝገቡ ስለነበረው፣ ማን ቤት ስንት ሰው እንዳለ ስለሚያውቅ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደግሞ ተራው የኛ ሆነና የቻለ ወደ ደብረብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ተሰደደ። ታዲያ አንዱን ይዘህ ሌላውን ለምን ትጥላለህ? ሁለቱም እኛው ነን። ጥያቄው ወሎ ጥሩ ነው መጥፎ ነው አይደለም፣ የቱ ጋ ያዘ የቱ ጋ ተበጠሰ ነው፣ እኔ እንደሚገባኝ ደግሞ የያዘው ሥርዓት ባለበት ነው የተበጠሰው መግለጫ ብቻ ባለበት።

ወደ ሁለተኛው። እዚህ ላይ ጎበዝ ነህ። ቦሩ ሜዳን ጠቅሰሃል፣ ከደሴ ወደ ሰሜን ትንሽ ወጣ ስትል የምታገኘውን። በ1870 አፄ ዮሐንስ ጉባኤ ጠርተው በአንድ በኩል የኦርቶዶክሱን የሃይማኖት ክርክር «ይሄ ነው ትክክሉ» ብለው ዘጉ፣ በሌላ በኩል የወሎን ሙስሊም ተጠመቅ አሉት። የኛው ኢማም መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል ሆነው ወጡ፣ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ደግሞ እምቢ ብለው ስንት ዓመት ታገሉ። ቀን ክርስቲያን ማታ እስላም የሚባለው ነገር ከየት የመጣ ይመስልሃል። አያቶቻችን ይሄን ተረት አድርገው አልነገሩንም፣ ቤተሰብ ውስጥ ያለ ነገር ነው። እንደውም ለክርክርህ የሚጠቅምህን ረስተሃል፣ ሙስሊሙን ለማቅረብ የሞከሩት የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ ልጅ ኢያሱ፣ በ1909 «ሰለሙ» ተብለው ነው ከሥልጣን የወረዱት፣ አባትየውም ልጃቸውን ለማስመለስ ዘምተው በጥቅምት ወር ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ይሄን ብትጨምረው ደግሞ እኔን ይበልጥ ባስጨነቅከኝ።

ደርግም «ኢትዮጵያ ትቅደም፣ ያለምንም ደም» እያለ መጥቶ ኅዳር 14 ቀን 1967 ስልሳ ሰው በአንድ ሌሊት ረሸነ። መፈክሩ ላይ ደም የለም የሚለው ቀለም ገና አልደረቀም ነበር። ከሱ በፊት ደግሞ በ1965 ወሎ በረሃብ ሲያልቅ አገሪቱ አንድ ነበረች፣ ዙፋኑም አንድ፣ ባንዲራውም አንድ፣ ግን ረሃባችን እንዳይሰማ ታፈነ። ስለዚህ ከላይ የሚመጣ አንድነት ምን እንደሚያደርግ ለወሎ ሰው አታስረዳውም፣ እሱ ያስረዳሃል።

ታዲያ ምኑ ላይ ነው የማልስማማው? «ሁሌም» ባልከው ላይ። አንድ ሌላ ቦታ ልስጥህ፣ እሱም ወሎ ውስጥ ነው። ምኒልክ በ1888 መጀመሪያ የክተት አዋጁን ሲያስነግሩ «ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» ነው ያሉት። (ዓድዋን አልተርክም፣ ሁሉም ሰው ክርክር ሲያልቅበት ወደ ዓድዋ ስለሚሮጥ እኔም ሰልችቶኛል፣ አዋጁን ብቻ እይልኝ።) ቦታው ተጠርቷል፣ ጊዜው ተቆርጧል፣ የቀረ እንደሚጣላ ተነግሯል፣ አዋጁ አያባብልም እንደውም ያስፈራራል። ከቦሩ ሜዳው ጋር ልዩነቱ ምንድን ነው ካልከኝ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ የጠራው ሰው ራሱ የሚለውጠው ምንም ነገር አልነበረም፣ ሃይማኖቱም ያው፣ ዙፋኑም ያው፣ የሚለወጠው የተጠራው ብቻ ነው። ወረኢሉ ላይ የጠራው ራሱ ይዘምታል፣ ሚስቱም ትዘምታለች፣ ጥይቱ ለሁለቱም ነው። የቅሬ ዳኛም ቢሆን ቀብር ከቀረ እንደማንም ይቀጣል፣ አይቻለሁ፣ የኛ ዳኛ ለሰርግ ኮምቦልቻ ወርዶ ሳያስፈቅድ ስለቀረ 50 ብር ከፍሏል፣ እየሳቅን ነው የተቀበልነው ግን ተቀብለናል።

ስለዚህ ወንድሜ የአንድነት ጥሪ ስትሰማ የዋህ ነው ብልጥ ነው ከማለትህ በፊት ጠሪው ምን ይከፍላል ብለህ ጠይቅ። ይሄን አንድ ጥያቄ ብትጠይቅ ኖሮ ጽሑፍህ ግማሹ ባልተጻፈ።

አንደኛው ነጥብህ በዚሁ ያልፋል ማለት ይቻላል። ማንም ዘፈን ሰምቶ ጥቅሙን አይለቅም፣ ልክ ነህ። ግን ጥቅም ስለሚለያይ አይደል እንዴ መጥራት ያስፈለገው፣ ጥቅማችን አንድ ቢሆን ማን ማንን ይጠራል? ቱኒዚያን እይ። በፈረንጆቹ 2013 ሁለት የተቃዋሚ ፖለቲከኞች በጥይት ተገድለው አገሪቱ ገደል አፋፍ ላይ ነበረች። የሠራተኛው ማኅበር፣ የአሠሪዎቹ፣ የሰብአዊ መብት ሊጉና የጠበቆቹ ማኅበር አራት ሆነው ፓርቲዎቹን ጠሩ። «ተዋደዱ» አላሏቸውም፣ ፍኖተ ካርታ አስፈረሟቸው፣ መንግሥት ይለቃል፣ ፓርቲ የሌላቸው ሰዎች ይተካሉ፣ ሕገ መንግሥቱ ያልቃል፣ ምርጫ ይደረጋል። የሠራተኛው ማኅበር ደግሞ አገሩን በሙሉ በአድማ ማቆም የሚችል ነው፣ እምቢ ቢሉት የሚያደርገው ነገር ነበረው። የገዢው ፓርቲ ጠቅላይ ሚኒስትር በ2014 መጀመሪያ ወረደ፣ ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ፣ አራቱ በ2015 የኖቤል የሰላም ሽልማት ወሰዱ። አዎ አውቃለሁ፣ በ2021 ፕሬዚዳንቱ ፓርላማውን ዘግቶ የተገነባውን አፈረሰው፣ ይሄን ከኔ በፊት አንተ እንዳታነሳብኝ ነው የምነግርህ። ግን ከእርስ በርስ ጦርነት ያመለጡበት ዓመት አመለጡ፣ የዳነ ሰው በኋላ ሌላ በሽታ ያዘው ተብሎ የመጀመሪያው መድኃኒት ውሸት ነበር አይባልም።

የመን ደግሞ ለአንተ ይመሰክራል። እዛም በዛው 2013 አገራዊ ምክክር ተብሎ 565 ሰው አሥር ወር ሙሉ ተወያየ፣ ወረቀቱ ሲታይ ያምራል፣ ምክክሩ ካለቀ ዓመት ሳይሞላ ሁቲዎች ዋና ከተማዋን ያዙ። አዳራሹ ውስጥ ብዙ ሰው ነበረ፣ ሁቲዎቹም ነበሩበት፣ ከአዳራሹ ውጭ ያለውን ጠመንጃ ያስቀመጠ ግን አልነበረም።

ይሄው ወደ አራተኛው አመጣኝ፣ ወደኛው ምክክር። እዚህ ላይ ብዙ አልከራከርህም። የምክክር ኮሚሽኑ አዋጅ ቁጥር 1265 ታኅሣሥ 20 ቀን 2014 ሲጸድቅ እኛ ወደ ደሴ መመለስ የጀመርነው ገና ሦስት ሳምንት ገደማ ሆኖን ነበር፣ የተሰበረ መስታወት እየጠረግን ነው ዜናውን የሰማነው፣ እውነት ለመናገር ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። 11 ኮሚሽነር ተሾመ፣ ሦስት ዓመት ተሰጠ፣ በ2017 ደግሞ አንድ ዓመት ተጨመረ። አጀንዳ ተሰበሰበ፣ አዳራሽ ተሞላ፣ ምሳ ተበላ። ጠመንጃ የያዙት ግን ብዙዎቹ የሉበትም፣ እኛው ክልል ውስጥ ከ2015 ጀምሮ ተኩስ ሳይቆም፣ መንገድ ዛሬ ተከፈተ ነገ ተዘጋ እየተባለ። የኔ ቅሬታ ግን ካንተ ይለያል። አንተ «መነጋገር ከንቱ ነው» ትላለህ፣ እኔ የምለው ጠሪው በውይይቱ ቢሸነፍ ምን እንደሚያጣ አስቀድሞ አልተነገረንም ነው። ዳኛው ቢቀር ይቀጣል አይቀጣም? እሱ ሳይታወቅ ሰው በልቡ አይመጣም፣ ቢመጣም ለአበል ነው የሚመጣው። ስለዚህ መጥፎ የተጠራን ጥሪ አይተህ መጥራትን ራሱን አትርገም፣ ወጡ ስላረረ ድስት ይሰበር አይባልም።

አምስተኛው፣ «መጀመሪያ ፍትሕ ከዛ አንድነት»። ይሄ ሲሰሙት ደስ ይላል። እኔም ፍትሕ እፈልጋለሁ፣ ጎረቤቴ ሱቁ እስከ መደርደሪያው ተዘርፎ አመለከተ፣ ተመላለሰ፣ እስካሁን የጠፋበትን እንኳን ቆጥሮ የመዘገበለት የለም። ግን ቅደም ተከተሉን ማን ነገረህ? እኛ ጋ በቃሉ፣ በባቲ በኩል አበጋር የሚባሉ አሉ፣ ሽምግልናው በዘር የሚወርድ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚሰማቸው። ደም ሲፈስ አበጋር መጀመሪያ የሚሠራው ማን ገደለ ማን ሞተ ብሎ ፍርድ መስጠት አይደለም፣ የሟች ወገን እንዳይበቀል ሁለቱን ማራቅ ነው፣ ሁለተኛ ደም ከፈሰሰ የመጀመሪያውን የሚዳኝ አይኖርማ። ከዛ ነው እውነቱ የሚወጣው፣ ከዛ ካሳ፣ ከዛ ነው ደም የሚደርቀው። ገዳይ ወገን አምኖ ካልተናገረ ደግሞ ዕርቅ የሚባል ነገር የለም፣ ተቃቅፎ ፎቶ መነሳት እዛ አይሠራም። አየህ፣ ፍትሑ አልቀረም፣ ግን ፍትሑ የሚቆምበት መሬት መጀመሪያ ተደላደለ። ያንን መሬት ነው እኔ አንድነት የምለው፣ አንተ ደግሞ ሽልማት አድርገኸው መጨረሻ ላይ አስቀመጥከው።

ፕሪቶሪያ ላይ ጥቅምት 23 ቀን 2015 የተፈረመውም ቢያንስ መጀመሪያውን ሠራ፣ በዛ በኩል መድፉ ዝም አለ። ሁለተኛው ነው የጎደለው። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በ2016 ወጣ ተባለ፣ ወረቀቱ ወጣ፣ አምኖ የሚናገር ሰው ግን እስካሁን ከየትም ወገን አልሰማሁም። እዚህ ላይ ንዴትህ ንዴቴ ነው።

ባለፈው የቅሬያችን ስብሰባ ላይ የሆነውን ነግሬህ ላብቃ ምክንያቱም ይሄን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነው። ሃያ ዓመት ምናምን የቅሬው አባል የነበሩ የትግራይ ተወላጅ ቤተሰብ አሉ፣ በጦርነቱ ጊዜ ከሰፈሩ ወጥተው፣ አሁን ተመልሰው ቤታቸውን ከፍተዋል። አባትየው ስብሰባው ላይ ቆሞ ያልከፈልኩት ወርሃዊ መዋጮ ይታሰብልኝና ልክፈል አለ። ዝም ተባለ። ከዛ ጫጫታው መጣ። አንዱ ከነቅጣቱ ይክፈል አለ፣ አንዱ እንደ አዲስ ይመዝገብ አለ፣ አንዱ ጭራሽ ምን ሊሠራ መጣ አለ፣ ከኋላ በኩል ደግሞ አንዲት እናት «እኛስ ስንሰደድ የማን መዋጮ ታሰበብን» ብለው ተቆጡ። ልጁ በጦርነቱ የሞተበት ጋሼ የምንለው አንድ ሰው አለ፣ እሱ ምንም አልተናገረም፣ ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተከራከርን፣ ቡናው ሁለቴ ተፈላ፣ መጨረሻ ላይ መዋጮውን ይክፈል ቅጣቱ ይቅር ተባለና ስማቸው በድሮው ተራ ቁጥር ላይ ተመለሰ።

በሦስተኛው ሳምንት ጡሩምባ ተነፋ፣ አንዲት አሮጊት ነበሩ ያረፉት። ድንኳን የመትከሉ ተራ የዛ የተመለሰው ሰውዬ ነበር፣ መዝገቡ ላይ ተራው ከማን ጋር እንደሚገጥም ማናችንም አላሰብንም። ሸራውን በአንድ ጫፍ እሱ ይዞ ሲመጣ በሌላኛው ጫፍ ጋሼ ነበር። አልተነጋገሩም፣ አልተያዩም። ገመዱን ወጠሩት፣ አንድ ቋሚ ጎደለና ልጅ ልከን ከላይኛው ቅሬ አስመጣን።